የበር ጠባቂው ድርሻ፦ ውሻን በልክ ማኖር የሕሊና ጉዳይ ነውን?

በረኀብ ተደጋግማ በተፈተነች አገር ውስጥ ስለ ውሻ መክሳትና መወፈር መጻፍ ለአንዳንድ አንባብያን ቀልድ፣ ለሌሎችም ቅንጦት መስሎ ሊታይ ይችላል። «ለሰው ያልተዳረሰ እንጀራ ለውሻ ይታሰብ ዘንድ ምን ግድ ሆነ?» የሚል ተቃውሞ ገና ርእሱ ሲነበብ እንደሚነሣ ይህ ጸሐፊ ይገነዘባል። ተቃውሞው ከባድ ስለ ሆነ ኋላ እንመለስበታለን። ለጊዜው ግን ውድ አንባብያን አንድ ነገር እንዲያስተውሉ እንለምናለን፤ ይኸውም ጥያቄው ከእኛ ይልቅ ከልጆቻችን የሚመጣ መሆኑን ነው። በትምህርተ ክርስቶስ ክፍል ስለ ፍጥረት በሚማሩበት ሰዓት «ውሻ ማስራብ ኀጢአት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሕፃን አይጠፋም። አስተማሪው አብዛኛውን ጊዜ ፈገግ ብሎ ወደሚቀጥለው ትምህርት ያልፋል። ሕፃኑ ግን ወደ ቤቱ ሲመለስ የታሰረው ውሻ በሩ ላይ ይጠብቀዋል።

በሰሜን ሸዋ ደጋ ውሻ እንግዳ ፍጥረት አይደለም። በመንዝም ሆነ በአንኮበር አፋፍ በግ የሚያረባ ገበሬ፣ ጅብና ቀበሮ ባለበት አገር፣ ያለ ውሻ ማደር አይሆንለትም። የእረኛው ውሻ ከልጁ ጋር ጠዋት ወጥቶ ማታ ይገባል፤ ሽቅብና ቁልቁል ሲል ይውላል፤ ቀጭን ነው፣ ነገር ግን ሁልጊዜ የታመመ ወይም የተራበ አይደለም። የከተማው ውሻ ኑሮ ሌላ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች፣ በብርድ ልብስ ፋብሪካዋም ስሟ የታወቀ ከተማ ናት። በዚህች ከተማ ቀን በሰንሰለት ታስሮ፣ ሌሊት ተፈትቶ በውርጭ ላይ የሚያድረው የግቢ ጠባቂ ለራሱ ቁራጭ ጆንያ እንኳ የማይነጠፍለት ጊዜ ብዙ ነው።

በእነዚህ ግቢዎች ሁለት ዓይነት ውሻ እናያለን። አንደኛው የጎድን አጥንቱ አንድ በአንድ የሚቈጠር፣ የማድጋ ስባሪ ላይ የተጣለለትን ጠርጎ ከጨረሰ በኋላ ስባሪውን ሲልስ የሚውል ነው። ሁለተኛው ደግሞ በሥጋ ቤቶችና በሆቴሎች ጓሮ ወይም በባለጸጎች ግቢ የሚገኘው፣ አጥንትና ጮማ ሳይቈጠር የሚወረወርለት፣ ከሰንሰለቱም ርዝመት አልፎ የማይራመድ፣ ሲነሣ የሚያቃስት ውሻ ነው። ለመጀመሪያው እናዝናለን፤ ሁለተኛውን «የታደለ» እንለዋለን። በዚህ ጽሑፍ ልናሳይ የምንሻው ሁለቱም በአንድ ጥፋት የተጎዱ መሆናቸውን ነው።

አስቀድመን ግን ስለ አካሉ ጥቂት እንበል፤ ምክንያቱም ነገሩን ሳያውቁ ስለ ግዴታ መናገር ባዶ ቃል ይሆናል። የውሻ ጤናማ ውፍረት በዐይን ብቻ አይለይም፤ ጠጕሩ ያታልላልና። እጅን በጎኑ ላይ ሲያሳርፉ፣ ሳይጫኑ፣ የጎድን አጥንቶቹ ከስስ ሥጋ በታች ሊዳሰሱ ይገባል። ከላይ ሲታይ ከጎድኑ ኋላ ወገቡ ገባ ማለት አለበት፤ ከጎን ሲታይም ሆዱ ወደ ኋላ እየሳሳ መሄድ አለበት። አጥንቱ በሩቅ የሚታይ ከሆነ ጎድሎበታል፤ ተጭነው እንኳ የማያገኙት ከሆነ በዝቶበታል። የበዛበት ውሻ መገጣጠሚያው ይታመማል፣ እስትንፋሱ ያጥረዋል፣ ዕድሜውም ያጥራል። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ላብራዶር የተባለ ዝርያ 48 ውሾችን ከቡችላነታቸው አንሥቶ ተከታተለ። ጥንድ ጥንድ ተደርገው፣ ከጥንዶቹ አንዱ ሌላው ከሚበላው ሦስት አራተኛውን ብቻ እንዲበላ ተደረገ። ያነሰ የበሉት ሁለት ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ ብልጫ ነበራቸው፤ የመገጣጠሚያ ሕመሙም ዘግይቶ መጣባቸው። «የታደለ» የምንለው ውሻ እንግዲህ ዕድሜው በጮማ የተቀነሰበት ውሻ ነው።

ልኩ ግን ለሁሉም አንድ አይደለም። አርስጣጣሊስ መልካም ምግባር በሁለት ጽንፎች መካከል እንደሚገኝ ባስተማረበት መጽሐፉ ምሳሌ አድርጎ ያመጣው ምግብን ነበር፦ ለታጋዩ ለሚሎ የሚያንሰው መጠን ትግል ገና ለሚጀምር ሰው ይበዛል። መካከለኛው ልክ እንደ ቍጥር መካከል በስሌት የሚገኝ ሳይሆን ለማን፣ መቼ፣ በምን ሁኔታ ተብሎ በአስተውሎት የሚገኝ ነው። ይህንኑ ወደ ውሻችን ብናመጣው፣ በበጎች ኋላ ሲሮጥ የሚውለው ከታሰረው ይበልጥ ይፈልጋል። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ደጅ የሚያድረው ገላውን ለማሞቅ ተጨማሪ ያስፈልገዋል። የምታጠባ ውሻ ከወትሮው እጥፍና ከዚያ በላይ ትሻለች፤ እኛ ግን ብዙ ጊዜ ያው አንድ ቁራሽ እንጥልላትና ቡችሎቹ ሲሞቱ «ወተት አጣች» እንላለን። ያረጀውና የታሰረው ያነሰ ይበቃዋል። ስለዚህ ውሻን በልክ መመገብ እርሱን ማየትን ይጠይቃል። ከሁሉ አስቀድሞ የጎደለውም ይህ ማየት ይመስለናል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንግባ። ለእንስሳ ግዴታ አለብን ወይስ የለብንም? ቅዱስ ቶማስ አኩዊኖስ በብሉይ ኪዳን እንስሳትን ስለ ማዘን የተሰጡት ሕግጋት ዓላማቸው ሰውን ለሰው ርኅሩኅ ማድረግ እንደ ሆነ ያስረዳል፤ በእንስሳ ላይ መጨከንን የለመደ በሰው ላይም ይጨክናልና። ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንትም ከዚህ ብዙ አልራቀም፦ በታማኝነት አገልግሎ ያረጀውን ውሻ የሚጥል ሰው በገዛ ራሱ ውስጥ ያለውን ሰብአዊነት ይጎዳል ብሎ አስተምሯል። ይህ እውነት ነው፤ ውሻን በድንጋይ የሚቀጠቅጥ ልጅ ነገ ማንን እንደሚቀጠቅጥ የመንደሩ ሰው ሁሉ ይገምታል። ለዚህ ጸሐፊ ግን መልሱ ግማሽ ሆኖ ይታየዋል። እንደዚያ ከሆነ የውሻው ረኀብ በራሱ ምንም አይደለም፤ ክፋቱ በእኛ ጠባይ ላይ የሚያመጣው ጠባሳ ብቻ ነው ማለት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ ከዚህ አንድ እርምጃ ይራመዳል፤ እንስሳት በመኖራቸው ብቻ ፈጣሪያቸውን እንደሚያከብሩ፣ ሰውም ቸርነት እንደሚገባቸው ያስተምራል። የእንስሳውን መከራ ያለ በቂ ምክንያት ማምጣት ከሰው ክብር ጋር የሚጋጭ መሆኑንም ያክላል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ላውዳቶ ሲ የተባለው የርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ ሐዋርያዊ መልእክትም ፍጥረታት ለእኛ ከሚሰጡት ጥቅም ሌላ በእግዚአብሔር ፊት የራሳቸው ዋጋ እንዳላቸው ይናገራል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ግን ነገሩን የሚያጠብቀው ሰንሰለቱ ነው። የዱር አውሬ ቢራብ ምግቡን ይፈልጋል፤ ባያገኝ ይሞታል፤ እኛን የሚጠይቀን የለም። ውሻውን ግን ያሰርነው እኛ ነን። ምግቡን እንዳይፈልግ፣ እንዳይሮጥ፣ ከፀሐይ ወደ ጥላ እንዳይሸሽ ያደረግነው እኛ ነን። የሌላውን መንገድ ሁሉ የዘጋ ሰው ያንን መንገድ ራሱ መተካት አለበት። ሰንሰለት ግዴታን ይወልዳል ማለት ነው። ይህ ለከሳው ውሻ ብቻ የሚሠራ ነገር አይደለም፤ የወፈረው ውሻም የበላውን በእንቅስቃሴ እንዳያወጣ የታገደው በእኛ ነው። የበላበት ቤት ላይ እንደሚጮኽ ተረታችን ይመሰክርለታል፤ እርሱ ውሉን ጠብቋል።

ከላይ ያስቀመጥነው ተቃውሞ አሁን ይመለሳል፦ የሰው ልጅ እየተራበ ለውሻ ማሰብ ተገቢ ነውን? ያው ትምህርተ ክርስቶስ በዚሁ ክፍል ለሰው ችግር ቅድሚያ ሊውል የሚገባውን ገንዘብ በእንስሳ ላይ ማዋል የማይገባ መሆኑን በግልጽ ይናገራል። ይህን ቃል ሳንሸራርፍ እንቀበለዋለን። ይሁን እንጂ ተቃውሞው በማን ላይ እንደሚያነጣጥር እናስተውል። ዘበኛው በሽሮ የሚያድርበት፣ ውሻው ግን ዕለት ዕለት ሥጋ የሚገዛለት ግቢ አለ፤ ፍርዱ በዚያ ቤት ላይ ይወድቃል፣ ውሻውንም በጤናው ይጎዳዋል። በሌላው ግቢ የታሰረውን ውሻ በትራፊ እንጀራ፣ በንጹሕ ውሃና በግማሽ ሰዓት ጉዞ መያዝ ከድኻው አፍ የሚነጥቀው ቁራሽ የለም። ደግሞስ ውሻውን የሚያስርብ ሰው የቆጠበውን ለድኻ ሲሰጥ የት ታየ? በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 16 ባለጸጋው ደጅ ላይ አልዓዛርና ውሾቹ አብረው ነበሩ። ቍስሉን የላሱለት ውሾቹ ናቸው። በዚያ ቤት ለድኻውም የተረፈ ነገር አልነበረም። ለአንዱ የተዘጋ እጅ ለሌላው ይከፈታል ብሎ ማሰብ የዋህነት ይመስለናል።

አሁን በየቤቱ ወደሚሆነው እንውረድ። የአገራችን ውሻ ማዕዱ የሰው ትራፊ ስለ ሆነ ከባለቤቱ ጋር ይጾማል፣ ከባለቤቱም ጋር ይፈስካል። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሽሮ የነካው እንጀራ ሲበላ ይሰነብትና በትንሣኤ ዕለት አንጀትና ጮማ በአንድ ጊዜ ይወርድለታል። እንዲህ ያለው ድንገተኛ የቅባት ብዛት ውሻን ያስመልሰዋል፣ ያስቀምጠዋል፣ አንዳንዴም ቆሽቱን አሳብጦ ይገድለዋል። የወጣችን መሠረት የሆነው ሽንኩርትም፣ ነጩም ቀዩም፣ የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ የሚያፈርስ ነው፤ ጥቂት ቢቀምስ አይወድቅ ይሆናል፣ ዘወትር ወጥ የተፈተፈተበት ሲሆን ግን ደሙ ይሳሳል። የተቀቀለ አጥንት ተሰንጥሮ አንጀት ይወጋል። ስለዚህ ከትራፊው ወጡ የበዛበትን ለይቶ ደረቁን እንጀራ ወይም የገብሱን ቂጣ መስጠት፣ በጾምም ቢሆን ጥቂት የተቀቀለ ጥራጥሬ ወይም እንቁላል ማከል፣ በበዓል ደግሞ እጅን መሰብሰብ ይሻላል። ውሻ የጾም ትእዛዝ አልተሰጠውም።

ከሁሉ የከፋው ግን የበዓሉ ሳንባ ነው። በግ ታርዶ ሲበለት ሳንባው ወይም ጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ከታየ «ይህ ለሰው አይሆንም» ተብሎ ለውሻ ይወረወራል። ባለቤቱ ደግ ሥራ የሠራ ይመስለዋል። ከረጢቱ ግን የትል ዕጭ የያዘ ነው፤ በውሻው አንጀት ውስጥ ጥቃቅን ትሎች ሆኖ ያድጋል፣ እንቁላሉም ከኩሱ ጋር በሣሩና በግቢው ላይ ይበተናል። ሣሩን በጎቹ ይግጡታል፤ ግቢው ላይ ልጆች ይጫወታሉ። ከዓመታት በኋላ ያው ከረጢት በሰው ጉበት ወይም ሳንባ ውስጥ አድጎ ቀዶ ጥገና ይጠይቃል። በግ በሚረባበት አገራችን ይህ ዑደት በእኛው እጅ የሚዞር ነው። እንዲህ ያለውን ሳንባ ማቃጠል ወይም ውሻ በማይቆፍረው ጥልቀት መቅበር፣ ለውሻውም በእንስሳት ሐኪም ምክር የትል መድኃኒት በየጊዜው መስጠት ያቋርጠዋል። የመስጠት ደግነት ምን እንደሚሰጡ ከማወቅ ካልተጣመረ ጎረቤትን ሊያሳምም እንደሚችል ካቴኪስቶቻችን ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አያገኙም።

ያልተመገበ ውሻ ጉዳት ከግቢ ውጪም ይሄዳል። በመንዝ የሚገኘው የጓሳ ሣር ምድር በአካባቢው ሕዝብ፣ ቄሮ በሚባለው የጋራ ሥርዓት፣ ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ሲጠበቅ የኖረ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1975 ከመጣው የመሬት ዐዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ቢናጋም ሕዝቡ ጥበቃውን በሌላ መልክ ቀጥሎበታል። በዚያ ምድር ከኢትዮጵያ በቀር በየትም የማይገኘው ቀይ ቀበሮ ይኖራል። በመላው አገሪቱ የቀሩት ለአካለ መጠን የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም ተብሎ ይገመታል። ከጥይትና ከእርሻ ይልቅ በጅምላ የሚፈጃቸው ከቤት ውሻ የሚተላለፍ በሽታ ነው፤ በባሌ ተራሮች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያና በ2003 የተነሣው የእብድ ውሻ በሽታ ብዙዎችን ጨርሷል። ቤቱ ያልተመገበ ውሻ አይጥና ጥንብ ፍለጋ ወደ ጓሳው ይወጣል፤ ከቀበሮውም ጋር ይገናኛል። አባቶች 400 ዓመት የጠበቁትን አንድ ያልተከተበና የተራበ ውሻ ሊያጠፋው ይችላል።

በሽታው ሰውንም አይምርም። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ማለት ይቻላል። የተነከሰ ሰው ቍስሉን ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በውሃ አጥቦ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት። ጸሎቱም ጠበሉም ከክትባቱ ጋር ይሁን፤ ክትባቱን አስቀርተው የሚጠባበቁ ቤተሰቦች የደረሰባቸውን ኀዘን ብዙዎቻችን በቀብር አይተነዋል። ውሻን በየዓመቱ ማስከተብ እንግዲህ ለእርሱ፣ ለልጆቻችንና ለቀበሮው በአንድ ጊዜ የሚደረግ ነው።

ስለ እንቅስቃሴው ጥቂት እንጨምር። በመጽሐፈ ጦቢት ምዕራፍ 6 ጦብያና መልአኩ ሩፋኤል መንገድ ሲጀምሩ ውሻው አብሮ ይሄዳል፤ በምዕራፍ 11 ሲመለሱም አብሯቸው ነው። ምንም አይሠራም፣ ምንም አይባልም፤ ብቻ ይጓዛል። ውሻ ለመጓዝ የተፈጠረ እንስሳ ነው። በከተማችን ውሻን በገመድ ይዞ መሄድ የፈረንጅ ሥራ ተደርጎ ስለሚታይ ሰው ያፍራል። የሚያፍር ሰው ጎሕ ሲቀድ ይውጣ፤ ወይም በሁለት ምሰሶዎች መካከል ሽቦ ዘርግቶ ሰንሰለቱ በሽቦው ላይ እንዲንሸራተት ያድርግ፤ ወይም በሩን ዘግቶ በቀን ጥቂት ሰዓት ይፍታው። የወፈረውን በአንድ ቀን ማስሮጥ ግን ልቡንና እግሩን ይጎዳል፤ ከአጭር ጉዞ ይጀመር፣ ምግቡም ቀስ በቀስ ይቀነስ።

በተቃራኒው ጽንፍ ያለው ስሕተት ወደ እኛ ገና በሙሉ ባይደርስም በአዲስ አበባ በርትቷል፤ በውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችንም ዕለት ዕለት ያዩታል። ልጆቻቸውን ሊጠይቁ አሜሪካ የሄዱ እናቶች ውሻ ሶፋ ላይ ተኝቶ አይተው ተገርመው ይመለሳሉ። በዚያ አገር በተደረጉ ቅኝቶች ከውሾች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከልክ በላይ ወፍራም ሆነው ተገኝተዋል። በ2025 እ.ኤ.አ. ያረፉት ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በጥር 2022 ስለ ውሻና ድመት በልጅ ቦታ መተካት ሲናገሩ ብዙዎች ተቈጥተው ነበር። እኛ ግን ቍጣው ከነገሩ የራቀ ይመስለናል፤ ለሰው ብቻ የሚገባ ፍቅር ሲሰጠው ውሻውም አይጠቀምም። የብቸኝነታችን ማስታገሻ ስናደርገው እርሱ በለመነ ቍጥር እንሰጣለን፣ ስንሰጥም የምናረካው ራሳችንን ነው። ያስራብነው ውሻ አልታየም ነበር፤ ያወፈርነውም እንዲሁ አልታየም፤ ሁለቱም ላይ ያየነው የራሳችንን ምቾት ነው። አንድ ጥፋት ያልነው ይህን ነው።

እንግዲህ ለሕፃኑ ምን ይመለስለት? «አዎን፣ አስረኸው ብታስርበው ጥፋት ነው፤ ሰውን የማስራብ ያህል ግን አይደለም» ይባል። ከዚያም ቤቱ ሄዶ የውሻውን የውሃ ዕቃ እንዲያጥብ ይታዘዝ።

አንድ ነገር ቀርቶናል፤ እርሱም ያረጀው ውሻ ነው። ጆሮው ደንቍሮ ጅብ ሲመጣ የማይጮኸውን ውሻ በጭነት መኪና አሳፍሮ ከጫጫ ወዲያ ጥሎ መመለስ፣ ወይም መርዝ የነካ ሥጋ መስጠት፣ የተለመደ መፍትሔ ሆኗል። ቢቻል በቤቱ ይቈይ፤ ጥርሱ ስላለቀ እንጀራው በውሃ ይራስለት፣ ሥራ ስለማይሠራ መጠኑ ይቀነስ፣ ብርድ ስለማይችል ከጓሮው ዳስ ሥር ጆንያ ይነጠፍለት። ሕመሙ የማይድን ሆኖ ሥቃዩ ከበዛ ወደ እንስሳት ሐኪም ወስዶ ሳይጨነቅ እንዲሞት ማድረግ የተፈቀደ ነው፤ ይህን የሚያደርግ ሰው ውሻውን ራሱ ይዞ ይሂድ፣ እስኪያልቅም ድረስ አጠገቡ ይቁም።